አንድ ሚዛን ለሁለት ገላ

ሰው እያወቀ የሚያጠፋው ጥፋት አለ፤ ሳያውቅ የሚያጠፋውም አለ። ሳያውቅ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ በሳቅና በጨዋታ መልክ ስለሚመጣ ጥፋትነቱ ቶሎ አይታወቅም። እኛም ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ አንድ እንዲህ ያለ ሳቅ ለመናገር ነው። ሳቁ የእኛም ነበርና፣ ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ራሳችንን እንወቅሳለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለፈው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ሆነን፣ ከግቢያችን በር አጠገብ ሚዛኑን ከፊቱ አስቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ከሚመዝነው ልጅ ዘንድ ሄደን ተመዘንን። 55ቱን ቀን እኩል ጾመን፣ ከአንድ ካፌ አንድ ዓይነት ሽሮና ምስር በልተን፣ በጸሎተ ሐሙስ እንደገና ልንመዘን ተስማማን። ቀኑ ደረሰ። ከወንዶቹ አንዱ 5 ኪሎ፣ ሁለተኛው 4 ኪሎ ቀነሱ። ከሴቶቹ አንዷ የቀነሰችው 2 ኪሎ ብቻ ነበር፤ ሌላይቱ ጭራሽ ግማሽ ኪሎ ጨምራ ተገኘች። «እናንተማ ተደብቃችሁ ስትበሉ ነበር!» ተባለ፤ ተሳቀም። ወሬው ካፌ ገባ፤ ከካፌም ወደ ዶርም ተሻገረ።

ግማሽ ኪሎ ጨመረች የተባለችው እኅታችን ከእኛ ጋር አብራ ሳቀች። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን እርሷ ጾሙን አልፈታችም። መጀመሪያ ራቷን ተወች፤ ቀጥሎ ቁርሷን። ፈተና በደረሰበት ሳምንት ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አዙሯት ወደቀችና ደግፈን ወደ ክሊኒክ ወሰድናት። ደም አንሷታል ተባልን። ያን ጊዜ የሳቅነውን ሳቅ ዋጋ ዐወቅን።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። «ስለ ሥጋና ስለ ደም ትናገሩ ዘንድ ማን ሾማችሁ?» የሚለን የሳይንስ ጓደኛ አይጠፋም። ሆኖም ያላነበብነውን ነገር ፈርደንበት ነበርና፣ ከፈረድን በኋላም ቢሆን ማንበብ ግዴታችን ሆነ። ያገኘነውም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ገላ ተኝቶም ይሠራል። ልብ ይመታል፤ ሳንባ ይተነፍሳል፤ ጡንቻም ዝም ብሎ በተቀመጠበት ከስብ የበለጠ ያነዳል። የወንድ ገላ በአማካይ ከሴት ገላ የበለጠ ጡንቻ አለው። ሚፍሊንና ሴንት ጂኦር የተባሉ ተመራማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ዕድሜው 22 ዓመት፣ ክብደቱ 70 ኪሎ፣ ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወንድ ምንም ሥራ ሳይሠራ በቀን 1658 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። በዕድሜም፣ በክብደትም፣ በቁመትም ከእርሱ ጋር እኩል የሆነች ሴት ግን 1492 ገደማ ታወጣለች። ልዩነቱ 166 ነው፤ ይኸውም የሁለት ቁራጭ ዳቦ ያህል ነው። ወንዱ ብዙውን ጊዜ በቁመትም በክብደትም ስለሚበልጥ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። እንግዲህ ሁለቱ ከአንድ ትሪ እኩል ቢበሉ፣ እርሱ ሲጎድልበት እርሷ ልክ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛ፤ ስብ ሁሉ አንድ አይደለም። የወንድ ስብ ብዙውን ጊዜ በሆዱ ዙሪያ ይከማቻል፤ በአንጀት ዙሪያ የተከማቸው ስብ ደግሞ ምግብ ሲቀንስ ቶሎ ይሄዳል። የሴት ስብ ይበልጡን በዳሌና በጭን ይቀመጣል፤ ለመልቀቅም አይቸኩልም። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ተፈጥሮ ለእርግዝናና ለማጥባት ያስቀመጠው ስንቅ ነው። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ለጤና የግድ የሚያስፈልገው ስብ ለወንድ ከገላው 3 ከመቶ፣ ለሴት ግን 12 ከመቶ ያህል ነው። ወንዱ ትርፍ የሚለው ለእርሷ የግድ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ የወር አበባ በሚቀርብበት ሰሞን የሴት ገላ ውኃ ይይዛል፤ ሚዛኑም በአንድ ወይም በሁለት ኪሎ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ በአንዲት የሐሙስ ቀን የታየች ግማሽ ኪሎ ስለ ስብም ሆነ ስለ ምግብ የምትነግረን ነገር የለም። እኛ ግን በእርሷ ላይ ተመርኩዘን ሰው ከሰስን።

ይህ የመጽሐፍ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስል አንድ ምስክር እንጨምር። ፕሪቪው በተባለውና በስድስት የአውሮፓ አገሮች፣ በአውስትራልያና በኒው ዚላንድ በተካሔደው ጥናት፣ ከ2000 በላይ የሆኑ ወፋፍራም ሰዎች ለ8 ሳምንት በቀን 800 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ እንዲመገቡ ተደረገ። በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከመነሻ ክብደታቸው አንጻር ተሰልቶ እንኳ ወንዶቹ ከሴቶቹ የበለጠ ቀነሱ። ሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ ይበልጥ ያጡት ስብ ያልሆነውን ሥጋቸውን ነበር። ልብ በሉ፤ ቀስ ብላ የከሳችው ራሷ ይበልጥ የሚያስፈልጋትን አጣች።

«እንግዲያስ ራስን መግዛት የሚባል ነገር የለም ወይ?» የሚለን ይኖራል። አለ እንጂ። ነገር ግን ሚዛን ኪሎን እንጂ ጽናትን አይመዝንም። ጽናትን በኪሎ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ደግሞስ ረኀብ የሚረታው ሴትን ብቻ ነውን? በ1944 እና በ1945 አንሴል ኪስ የተባለው ሊቅ በሚኒሶታ ዩኒቨርስቲ 36 ወጣት ወንዶችን፣ በፈቃዳቸው የቀረቡትን፣ ለ24 ሳምንት ምግብ አሳንሶ አቆያቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከዚህም በላይ ስለ ምግብ ማለም፣ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ማገላበጥ፣ በትንሹ መቆጣት ጀመሩ። ለሃይማኖታቸውና ለሐሳባቸው ሲሉ ጦር አናነሣም ያሉ ቆራጦች እንዲህ ከሆኑ፣ ራቷን ትታ ለፈተና የምታጠናውን እኅታችንን ደካማ ማለት ምን ይባላል?

ወደ ራሳችን ባህል ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። እናቶቻችን ለእረፍት ስንመለስ «ምነው ከሳችሁ? አመማችሁ እንዴ?» ብለው ነው የሚቀበሉን። መወፈር በእነርሱ ዘንድ «አገሩ ተስማማሽ» የሚያሰኝ ምርቃት ነበር። ዛሬ በግቢያችን ያው ቃል ለሴቷ ስድብ ሆነ፤ ወንዱን ግን «ወፈርክ» ሲሉት «ገንዘብ አገኘህ» እንዳሉት ቆጥሮ ይስቃል። አዲሱን መልክ ከስልክ መስታወት ስንቀዳ፣ አሮጌውን አድልዎ አብረን ይዘን ገብተናል።

አገራችን ደግሞ ገና ከክሳት ያልወጣች ናት። በ2008 ዓ.ም. የተካሔደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 ከመቶው ከልክ በላይ ከሲታዎች ነበሩ፤ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ደም ያነሳቸው ሴቶች 24 ከመቶ ነበሩ። በዚያው ጥናት ከወንዶቹ 33 ከመቶው ከሲታዎች ሆነው ተገኙ። ይህ ቁጥር እኛን ሌላ ነገር አስታወሰን። 5 ኪሎ የቀነሰው ጓደኛችን ሆድ ነበረው፤ ቀነሰ፤ እሰየው። 4 ኪሎ የቀነሰው ግን ከመጀመሪያውም ሸንበቆ ነበር። እርሱ ያጣው ትርፍ ስብ ሊሆን አይችልም። እኛ ግን ጀርባውን መታ መታ አድርገን አጨበጨብንለት። በቂ ይበላ እንደ ሆነ የጠየቀው አልነበረም። ስለዚህ የአንዱ ሚዛን ፍርድ ሴቷን በስድብ፣ ወንዱን በጭብጨባ ጎዳ።

ይህን ስንል መክሳት ለማንም አይገባም ማለታችን አይደለም። ሐኪም የመከረው፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት የሚያሠጋው ሰው ክብደቱን መቀነስ አለበት። ነገር ግን ቀስ ብሎ፣ እየተራመደና ጡንቻውን እያሠራ፣ ባቄላውንና ምስሩን ሳይተው ይሁን። ሴቶች እኅቶቻችን በተለይ ይህን ያስቡ፦ በወር አበባ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት እንድታገኝ ሲመከር ለወንድ የሚመከረው 8 ብቻ ነው። ምግብ የተወች ሴት ብረቱንም ትታለች። በጤፍና በምስር ያለው ብረት ከሎሚ፣ ከብርቱካን ወይም ከቲማቲም ጋር ሲሆን ለገላ ይበልጥ ይስማማል፤ ምግብ እንደ ተበላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ያግደዋል። ምግብ አጥታ የወር አበባዋ የቀረባት ደግሞ አጥንቷ እየሳሳ መሆኑን ዐውቃ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ትሂድ።

በበኩላችን የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ የሕክምና ተማሪዎችን ጋብዞ ስለ ምግብና ስለ ደም ማነስ ያናግርልን። በካፌ ውስጥ የሌላውን ሰው ሳህን እያዩ መፍረድ ከእንግዲህ ይቅር። መመዘን የፈለገም ከትናንቱ ራሱ ጋር እንጂ ከጎኑ ከቆመችው ወይም ከቆመው ጋር አይመዛዘን።

ጾም የተሠራው ለነፍስ ነው፤ እኛ ግን ለውርርድ አደረግነው። እኅታችን ዛሬ ድናለች፤ ራቷንም አብራን ትበላለች። ይቅርታ ስንጠይቃት «እኔም እኮ ስቄ ነበር» አለችን። ይህ መልስ ከስድብ ይልቅ ከበደን። ውድ አንባቢያን ሆይ፣ የሚቀጥለው ጾም ሳይገባ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የቸኰልነው ስለዚሁ ነው።