ያልተነገረ ዋጋ እስከ መቼ ይከፈላል?

አንድ የነቀምቴ ተማሪ በውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ገንዘብ ለመላክ ወደ ባንክ መስኮት ሲቀርብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በጠቅላላው ስንት ያስወጣኛል?» የሚል። መልሱ ግን «በመጀመሪያ ቅጹን ሙላ» ነው። ተቃውሟችን በዚህ መልስ ላይ ነው።

ገንዘብ ወደ ውጭ ሲላክ ዋጋው አንድ ሳይሆን አራት ነው። አንደኛው፥ ባንኩ ዶላር በሚገዛበትና በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለተኛው ኮሚሽን፥ ሦስተኛው የስዊፍት መልእክት ክፍያ ነው። አራተኛው፥ ገንዘቡ የሚያልፍበት የውጭ ባንክ ቆርጦ የሚያስቀረው ነው። የሚላከው ዩሮ ወይም ፓውንድ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሊመነዘር ይችላል። ደረሰኙ ላይ ከእነዚህ ሁሉ ስንቱ ይታያል? ዩኒቨርሲቲው «ክፍያህ ጎድሏል» ብሎ ሲጽፍ ያን ጊዜ ነው ተማሪው የቀረውን የሚያውቀው።

ሸክሙም እኩል አይደለም። ቋሚው ክፍያ 20 ዶላር ነው ብንል፥ 10,000 ዶላር ለሚልክ ነጋዴ 0.2 በመቶ ሲሆን፥ 100 ዶላር ለሚልክ ተማሪ 20 በመቶ ይሆናል። ታዲያ ድኻው ለባለጸጋው መክፈሉ አይደለምን?

«አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለባት፤ ባንክም ወጪ አለበት» የሚሉን አሉ። እኛም በነጻ ይላክልን አላልንም። ነገር ግን «ለቀምት» በሚል ስም በዓለም ገበያ የሚሸጠውን ቡና ለቅሞ ዶላር የሚያስገባው የወለጋ ገበሬ ነው። የእርሱ ልጅ ከዚያው ዶላር ጥቂቱን ሲፈልግ ዋጋውን አስቀድሞ ማወቅ እንዴት ይከለከላል?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፥ አንዱ ባንክ ከሌላው ይለያል። ዋጋ ሳይነገር ግን ማን ያወዳድራል? የብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ክፍያ ለደንበኛ እንዲገለጽ ያዛል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ የምንዛሪው ዋጋ ከክፍያው በፊት እንዲነገር አድርጓል። እንግዲህ የጠየቅነው ነገር እንግዳ አይደለም።

ጥያቄያችን ሦስት ነው። አንደኛ፥ ከፊርማ በፊት ጠቅላላው ወጪና ተቀባዩ እጅ የሚደርሰው ገንዘብ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ለትምህርት የሚላክ አነስተኛ ገንዘብ ከቋሚ ክፍያ ነጻ ሆኖ በመቶኛ ብቻ ይታሰብ። ሦስተኛ፥ በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በነጆና በደምቢ ዶሎ ያሉ ቅርንጫፎች የክፍያውን ዝርዝር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በር ላይ ይለጥፉ።

ወንድሞችና እኅቶች! ማጉረምረም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ገንዘብ የላካችሁ ሁሉ ስማችሁን ሸፍናችሁ የደረሰኛችሁን ግልባጭ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አምጡ። ባንኮቹ ዋጋውን በበራቸው እስኪለጥፉ ድረስ፥ እኛ ደረሰኞቹን በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንለጥፋለን።