የናፍጣው ዕቃ ከውሃው ዕቃ ይለይ

ከከተማ ርቆ የሚኖር፣ የእህል ወፍጮ ወይም ለመስኖ የውሃ መሳቢያ ሞተር ያለው ቤተ ሰብ ናፍጣ ገዝቶ ማስቀመጡ አይቀርም። ማደያው ሩቅ ነው፤ ሥራው ግን ጊዜ አይሰጥም። ልባሞቹ ደናግል የተመሰገኑት ዘይታቸውን አስቀድመው በማሰናዳታቸው ነውና፣ ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ያሰናዱትን በጥንቃቄ መጠበቅም ያስፈልጋል።

ናፍጣ የሚገዛው ከታወቀ ማደያ ነው። በጀሪካን ወይም በበርሜል ለመቅዳት ፈቃድ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ መንገድ ከመጀመር አስቀድሞ የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። በየመንገዱ የሚሸጠው ናፍጣ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ ሊቀላቀልበት ይችላልና፣ ጥቂት ብር ያተረፈ የመሰለው ሰው ኋላ የሞተሩን ፓምፕ ይከስራል።

ናፍጣ በሙቀት ስለሚሰፋ ጀሪካኑ እስከ አፉ አይሞላ። ክዳኑ ጠብቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በገመድ ታስሮ ይጫን እንጂ ከሰውና ከእህል ጋር አይቀላቀል። 200 ሊትር ናፍጣ ወደ 170 ኪሎ ግራም ይመዝናልና፣ በርሜሉን አንድ ሰው ብቻውን አውርዳለሁ አይበል።

ማስቀመጫው ከመኖሪያ ቤትና ከምድጃ የራቀ፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ጥላ ያለበት ስፍራ ይሁን። ዚንክ የተቀባ ዕቃ ለናፍጣ አይስማማም፤ ዚንኩ እየሟሟ ፊልትሮውን ይደፍናል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከበርሜሉ ሥር ይዘቅጣል፤ ስለዚህ አንድ ቀን አስረግቶ ከላይ መቅዳት፣ የቆየውንም አስቀድሞ መጠቀም ይሻላል። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይቀጣጠልም ተብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ጨርቅ ወይም ጭድ ከነከረ በቀላሉ ይነዳል። እሳት ቢነሣ በአሸዋ ወይም በደረቅ አፈር ያፍኑት እንጂ ውሃ አያፍስሱበት፤ ናፍጣው በውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያዛምታልና።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ናፍጣን በውሃ ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው። የተጠማ ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይመረምርም። ናፍጣ የጠጣ ልጅ ትልቁ አደጋው ከሆድ ይልቅ በሳንባ ነው፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባልና። ስለዚህ ጣት ከትቶ ማስመለስ፣ ወተትም ማጠጣት ቀርቶ፣ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። በላስቲክ ቱቦ በአፍ ስቦ መቅዳትም ለዐዋቂው ይህንኑ አደጋ ያመጣል፤ የእጅ ፓምፕ ይግዙለት።

እንግዲህ አባወራውም እመቤቲቱም ዛሬውኑ ጓዳቸውን ይመልከቱ። ናፍጣ የያዘ ጠርሙስ ቢገኝ ወደ ጀሪካኑ ይገልበጥ፤ ጠርሙሱም ይወገድ። ጀሪካኑ ቀለም ተቀብቶ ምልክት ይደረግበት፤ ባዶ ሲሆንም የቱንም ያህል ቢታጠብ ውሃና ጠላ አይቀዳበት። ጥቂት ብር የሚያወጣ ዕቃን ለመቆጠብ ሲባል፣ እግዚአብሔር በአደራ የሰጠንን ልጅ ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም።

ቸሩ አምላክ ቤታችሁንና ልጆቻችሁን ይጠብቅ። አሜን።