አንድ በዓል፤ ሁለት ሰዓት

በዩኒቨርሲቲ ሳለን ከሕንድ አገር የመጡ ሁለት መምህራን ነበሩን። አንደኛው የዴልሂ፣ ሁለተኛው የታሚል ናዱ ሰው ናቸው። በጥቅምት ወር ዲዋሊ የተባለው በዓላቸው መድረሱን ሰምተን እንኳን አደረሰዎ ለማለት ወደ ቢሯቸው ሄድንና በዓሉ በስንት ሰዓት እንደሚከበር ጠየቅናቸው። የዴልሂው መምህር «ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው» አሉን። የታሚል ናዱው ግን ፈገግ ብለው «ፀሐይ ሳትወጣ ነው እንጂ» ሲሉ መለሱ። እኛም ከሁለቱ አንዳቸው ተሳስተዋል ብለን ወጣን። ዳሩ ግን የተሳሳትነው እኛው ነበርን።

ዲዋሊ የሚለው ስም ዲፓቫሊ ከሚለው የሳንስክሪት ቃል የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም የመብራት ረድፍ ማለት ነው። በዓሉ የሚውለው ጨረቃ ፈጽማ በምትጠፋበት ሰሞን ነውና ሕዝቡ ጨለማውን በኩራዝ ይቀበለዋል። ምክንያቱና ሥርዓቱ ግን ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያያል። በሰሜን ራማ ከዐሥራ አራት ዓመት ስደት በኋላ ወደ አዮድያ መመለሱ ይታሰባል። በደቡብ ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ክፉ ፍጡር ድል መንሣቱ ይከበራል፤ ስለዚህም የታሚል ሰው ሳይነጋ ተነሥቶ፣ ሰውነቱን ዘይት ተቀብቶ ይታጠባል፤ አዲስ ልብስ ይለብሳል፤ ርችቱንም ያን ጊዜ ይተኩሳል። በጎዋ የናራካሱራን ምስል ሠርተው ጎሕ ሳይቀድ ያቃጥሉታል። በቤንጋል በዚያ ሌሊት በይበልጥ የምትከበረው ካሊ ናት። የጉጅራት ነጋዴ አዲሱን የሒሳብ መዝገቡን ያስባርካል፤ ማግስቱም አዲስ ዓመቱ ነው። በማሃራሽትራ ልጆች በጭቃ ትንንሽ ምሽግ ይሠራሉ። ሲኮችም ጉሩ ሃርጎቢንድ ከጓልየር ምሽግ እስር የተፈቱበትን መታሰቢያ ያከብራሉ፤ ጄይኖች ደግሞ የማሃቪራን ዕረፍት ያስባሉ።

ይህ ሁሉ ልዩ ልዩ ሥርዓት የሚገናኘው በገበያ ላይ ነው። በአሮጌው ዴልሂ በቻንድኒ ቾክ ሠፈር ዳሪባ ካላን የብር ጌጥ፣ ኪናሪ ባዛር የልብስና የቤት ማስጌጫ፣ ካሪ ባውሊ ቅመማ ቅመምና ደረቅ ፍሬ ይሸጥባቸዋል። ከዋናው ቀን ሁለት ቀን ቀድሞ በሚውለው በዳንቴራስ ዕለት ከብረት የተሠራ ነገር መግዛት የሀብት ገድ ነው ተብሎ ይታመናል። ባለጸጋው ወርቅ፣ መካከለኛው ድስት ይገዛል፤ አቅም ያነሰው መጥረጊያም ቢሆን ገዝቶ ይገባል። ሸክላ ሠሪውም ጭቃ ረግጦ፣ ቅርጽ አውጥቶ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ በእሳት ተኩሶ ያዘጋጀውን ኩራዝ መንገድ ዳር ዘርግቶ ይቀመጣል። የእርሱ ሰሞን አጭር ናት፤ በበዓሉ ማግስት ኩራዙን የሚፈልግ ብዙ ሰው የለም። በዚያች ሳምንት አንድ ሹም «መንገዱ ይጽዳ» ብሎ ቢያስነሣው የወራት ድካሙን አስነሣበት ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሐሳባችን እንምጣ። የርችት ጢስ፣ አየሩ አስቀድሞ በቆሸሸባቸው ከተሞች፣ በተለይም በዴልሂ፣ ለሕፃናትና ለሕሙማን ሳንባ ጠንቅ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህም የተነሣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በዲዋሊ ዕለት ርችት የሚተኮሰው ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ብቻ እንዲሆን፣ ርችቱም ጢሱ ያነሰ እንዲሆን ወሰነ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ሰዓቱ የሰሜኑ ሰው ሰዓት ነበር። ታሚል ናዱ «የእኛ በዓል የሚከበረው ጧት ነው» ስትል አመለከተች። ፍርድ ቤቱም በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 30 ቀን፣ ጠቅላላው ጊዜ ከሁለት ሰዓት ሳያልፍ ጊዜውን ራሷ እንድትመድብ ፈቀደላት። እርሷም ጧት ከ12 እስከ 1፣ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት አደረገችው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሕግ ለሁሉ አንድ መሆን አለበት፤ በየልማዱ ከተቆራረጠ ሕግነቱ ይቀራል» ይላሉ። ነገሩ ከባድ ነው፤ መልስም ይገባዋል። የእኛ መልስ ይህ ነው፦ ሕጉ የቆመለት ዓላማ ጢሱን መቀነስ ነው እንጂ ጧትን ከማታ ማበላለጥ አይደለም። የሁለት ሰዓቱ ልክ አልተነካም፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ልማድ ነው ተብሎ ጢሱ እንዳሻው ይጨስ ቢባል ኖሮ እኛም በተቃወምን ነበር። ሰው የማይጎዳውን የልማድ ክፍል መተው ግን ሕጉን አያደክመውም፤ ይልቁንም ሕዝቡ «የእኔ ሕግ ነው» ብሎ እንዲጠብቀው ያደርጋል። በ2025 ዓ.ም. ለዴልሂና ለአካባቢዋ በተሰጠው ትእዛዝም የጧትና የማታ ሰዓት ለየብቻ ተመድቦ ነበር።

የገበያውም ነገር እንዲሁ ነው። ሕንድ በ2014 ዓ.ም. ባወጣችው የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ሕግ በየከተማው ስለ መነገጃ ቦታ የሚመክረው ኮሚቴ ከአባሎቹ ከመቶ 40 ያላነሱት ከነጋዴዎቹ ከራሳቸው እንዲሆኑ ተደንግጓል። ሕጉ በየስፍራው እንደ ቃሉ ይፈጸማል ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ኩራዝ ሻጩ ከመነሣቱ በፊት እንዲጠየቅ መታሰቡ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ወጣቶች፣ በተለይም አዲስ ወንበር የያዝን፣ አንድ ደካማ ጎን አለን። መመሪያ መጻፍ እንወድዳለን፤ መጠየቅ ግን ያሳፍረናል። ያደግንበትን ሥርዓት የአገር ሁሉ ሥርዓት አድርገን እንቆጥራለን። ከጠረጴዛችን ላይ አንድ መስመር ስንጽፍ ያች መስመር በማናውቀው መንደር የማን ጧት ላይ እንደምትወድቅ አናስብም። ስለዚህ ስለ በዓልና ስለ ገበያ ደንብ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ወደ ገበያው ይውረድ፤ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ምን እንደሚሸጡ፣ መቼ እንደሚጨርሱ ይጠይቅ። ይህን ማድረግ አንድ ቀን ቢያስፈጅ ነው። የተሳሳተ መመሪያ ግን የሰው ዓመት ያበላሻል።

ያን ዕለት ከሁለቱ መምህራን አንዳቸውን ለማረም ያሰብን ተማሪዎች ዛሬ አንዳንዶቻችን መመሪያ አርቃቂዎች ሆነናል። ሁለቱም እውነት ተናግረው ነበር። ያልጠየቅነው «በእርስዎስ አገር ለምን በዚያ ሰዓት ሆነ?» የሚለውን ነበር። እንግዲህ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ይህን ጥያቄ እናንሣ።