ልጅ ያሳደገችበት ዘመን የማይቆጠርላት እናት

በኢትዮጵያ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። ልጅ ለማሳደግ ሥራዋን ለቅቃ ከዓመታት በኋላ ልትመለስ የምትፈልግ እናት ደግሞ ከሌላው ሥራ ፈላጊ የባሰ ባዶ እጇን ትቀራለች። ዘወትር የሚቀርበው ምክንያት የአገር ድህነት ነው። ከድህነቱ የሚቀድመው ግን እነዚያን ዓመታት «ቤት ቁጭ ብላ» ያሳለፈቻቸው አድርጎ የማየት ልማድ ነው፤ ልማዱ ሐሰት ነው፣ ጉዳቱም ከባድ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ለአባት የፈቀደው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ፈቃዱ ሲያልቅ ሕፃኑ ገና ዳዴ አላለም። ደብረ ታቦር ላይ ልጅ የምትይዝላት እናት ወይም ሞግዚት የሌላት ሠራተኛ ሥራዋን ትለቃለች። አምስት ዓመት ካላገለገለች፣ በፈቃዷ ለቅቃለችና የሥራ ስንብት ክፍያ አይገባትም። የጡረታ መዋጮዋም ይቆማል፤ አገልግሎቷ በጠቅላላው 10 ዓመት ካልሞላ የዘወትር አበል የለም። ስትመለስ የሚጠብቃት በሥራ ፈላጊነት መመዝገብ፣ በማኅበር መደራጀት፣ ከቀናት ብድር ነው።

የሥራ ስምሪት ጥናቶችም ይህንኑ ዕይታ ያጸኑታል። መጠይቁ ስላለፉት ሰባት ቀናት ይጠይቃል። በደቡብ ጎንደር የገሳይ ከተማ ሴት ለገበያ ጠላ ጠምቃ ከሸጠች ሠራተኛ ናት። ጋኑን ትታ ትኩሳት የያዘውን ልጇን ታቅፋ ሌሊቱን ካነጋች ግን ምንም እንዳልሠራች ትመዘገባለች። ይሁንና ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በ2013 እ.ኤ.አ. ያለ ክፍያ ቤተሰብን መንከባከብ ሥራ መሆኑን ተቀብሏል።

የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግም ቢሆን ይህን ካወቀ ቆይቷል። በትዳር ውስጥ የተፈራው ሀብት በፍቺ ጊዜ እኩል ይካፈላል፤ ዳኛው ሚስትን የደመወዝ ወረቀት አምጪ አይላትም። ባል ፊት የታወቀላት ድካም አሠሪና መንግሥት ፊት ስትደርስ የሚካድበት ምክንያት የለም።

«አገሪቱ አትችልም» የሚሉ ወደ ደቡብ ጎንደር ገጠር ይመልከቱ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እንደ ላይ ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ባሉ ወረዳዎች ሰዎችን እርከንና መንገድ እያሠራ ይከፍላል። ነፍሰ ጡሯና የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ግን ከአካፋና ከዶማ ነፃ ሆና ድጋፉን እንድታገኝ መመሪያው ይደነግጋል። አፈጻጸሙ ጉድለት አያጣውም፣ ድጋፉም ትንሽና ጊዜያዊ ነው። ሐሳቡ ግን የከተማው ሕግ ካለበት ቀድሞ ሄዷል።

የዓለም የሥራ ድርጅት 168ኛ ስምምነት (1988 እ.ኤ.አ.) ልጅ ሲያሳድጉ ቆይተው ሥራ የሚፈልጉትን ማኅበራዊ ድጋፍ ሊያገኙ ከሚችሉ ወገኖች መካከል ቆጥሯቸዋል። በጀርመን ደግሞ መድን የነበረው ወላጅ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያሳደገበት ጊዜ ለሥራ አጥነት መድን ይታሰብለታል።

ኢትዮጵያ ነገ ሙሉ የሥራ አጥነት መድን ማቋቋም ላይሆንላት ይችላል። መነሻው ግን በእጇ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበት የጡረታ ፈንድ ስላለ፣ ልጅ የሚያድግባቸውን የመጀመሪያ ዓመታት እንደ አገልግሎት ዘመን መቁጠር ይቻላል፤ የዚያን ጊዜ መዋጮ መንግሥት ይሸፍን። ልጅ ለማሳደግ ለለቀቀች ሠራተኛም የሥራ ስንብት ክፍያው የአምስት ዓመት ገደብ ይነሣላት፤ ይህም የአንቀጽ ማሻሻያ እንጂ አዲስ ተቋም አይጠይቅም።