«ምንን ይመስላል?» አንበል



በቅርቡ ልጆች አሮጌ ደብተር አጥፈውና ሸምነው የሠሩትን ነገር በር ላይ ሰቅለው ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ «ይሄ ደግሞ ምንን ይመስላል?» አላቸው። «ምንንም» ብለው ሲመልሱ ተሳቀባቸው። በማግስቱ ሥራቸው ቆሻሻ ተብሎ ተቃጠለ። እኔ በበኩሌ የተሳሳትነው እኛ ነን እላለሁ።

እስቲ በየቤታችን ያለውን መሶብ እንመልከት። ቀይና አረንጓዴው መስመር ምንን ይመስላል? ወፍም አይደል፣ ዛፍም አይደል። እናቶቻችን አክርማና ስንደዶውን ይዘው በወስፌ ሲሰፉ ልባቸው ያለው በቀለሙ፣ በቆጠራውና በቅርጹ ላይ ነው። መሶቡን እያደነቅን ወረቀቱን መናቃችን ታዲያ ምን ይባላል?

ነገሩ እኮ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ወረቀት በጠርዙ ቢያቆሙት ይወድቃል። እንደ ጣራ ቆርቆሮ እጥፍ እጥፍ ካደረጉት ግን ይቆማል፤ ደብተርም ይሸከማል። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮቤል በ1840 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቱ መዋዕለ ሕፃናት የሚለውን ስም ሲሰጥ፣ ወረቀት ማጠፍና መሸመን ከሕፃናቱ ሥራ አንዱ ነበር። በ1920ዎቹም ጆሴፍ አልበርስ በባውሃውስ ለትልልቆቹ ተማሪዎች ጋዜጣ እየሰጠ ሳያባክኑ ቅርጽ እንዲያወጡበት ያዛቸው ነበር። በእኛው አገርም የአዲስ አበባው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ያገለገለ የኮምፒዩተር ሽቦ እየጎነጎነ ትልልቅ ሥራ ይሠራል፤ በ2016 ዓ.ም. በጣልያን አገር በቬኒስ ከተማ አሳይቷል። ሰው የጣለውን ማንሳት የድህነት ምልክት አይደለም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይሄ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ኪራሙ ያየችውን መከራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከትምህርት የተለዩ፣ ተፈናቅለው የኖሩ ልጆች አሉን። እንዲህ ያለውን ልጅ «ያየኸውን ሥል» ማለት ይከብዳል። ወረቀት አጥፎ ምንንም የማይመስል ነገር ሲሠራ ግን ማንም አይመረምረውም፤ እጁም ሥራ ያገኛል። ኦሮምኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠሩታል፤ ቋንቋ አይጠይቅም።

በመጪው እሑድ ስብሰባ ስለ ማኅበራችን ባዶ ክፍል እንነጋገራለን። «ይከራይ» የሚል ሐሳብ አለ። ገንዘቡ እንደሚያስፈልገን አልክድም። ቢሆንም በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻ ለልጆቹ ይተውላቸው፤ ስፌት የሚያውቁ እናቶችም ገብተው ያሳዩዋቸው። ወጪ የለውም። ሁለት ጣት ስፋት ያለውን ቁራጭ በቁመቱ ሁለት ጊዜ ማጠፍ፣ ከዚያ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ማሳለፍ ነው። የዱቄት ሙጫ አይጥና በረሮ ይጠራልና ይቅር፤ ጠበቅ ያለ ሽመና ራሱን ይይዛል። የክረምቱ እርጥበት እንዳያለሰልሰው ደግሞ ከመሬት ከፍ አድርጎ መስቀል ነው።

ስለሆነም አሮጌ ደብተር ያላችሁ አታቃጥሉ፤ እሑድ ይዛችሁ ኑ። ከእንግዲህም በሩ ላይ ተሰቅሎ ስናይ «ምንን ይመስላል?» ትተን «እንዴት አድርጋችሁ ሠራችሁት?» እንበላቸው። መልሱን ሲያስረዱን ፊታቸውን እንይ።

አንድ የማኅበሩ አባል