የአነጋገር ልዩነትና የአጻጻፍ ስሕተት

ሁለት ወይም ሦስት ወጣቶች በየቤታቸው ተቀምጠው፣ አንዱ እናትን፣ ሌላው ልጅን፣ ሦስተኛው ጎረቤትን ሆኖ፣ በስልክ ተራ በተራ እየተጻጻፉ አንድ ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ አለ። ይህ ጨዋታ ከመድረክ ተውኔት የሚለየው ድምፅም የፊት ገጽታም የሌለው በመሆኑ ነው። ባለታሪኩ ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚታወቀው በተጻፈው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ከተለመደው አጻጻፍ የወጣ ቃል ባጋጠመ ቁጥር፣ «ይህ የባለታሪኩ አነጋገር ነው ወይስ የጸሐፊው ስሕተት?» የሚል ክርክር ይነሣል። በእኔ አስተያየት ሁለቱን ለይቶ አለማወቅ ከስሕተቱ ከራሱ ይበልጥ ይጎዳል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። የጎጃም እናት ሆና የምትጫወት ልጅ፣ «ልጀ፣ መቸ መጣህ?» ብላ ጻፈች እንበል። ጓደኛዋ ጨዋታውን አቋርጦ፣ «ልጄ፣ መቼ ተብሎ ነው የሚጻፈው» ብሎ ቢያርማት ትክክል ነውን? አይደለም። በጎጃም አነጋገር «ልጄ» «ልጀ»፣ «መጥቼ»ም «መጥቸ» ይባላል። ለውጡ በአንድ ቃል ላይ በአጋጣሚ የደረሰ ሳይሆን በሥርዓት የሚሄድ ነው። የራሱ ሥርዓት ያለው አነጋገር ደግሞ ስሕተት ሊባል አይችልም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ሕይወት ሲተርኩ፣ የአገሩ አነጋገር መጽሐፉን አስከበረው እንጂ አላዋረደውም።

የጣት ስሕተት ግን ከዚህ የተለየ ነው። የላቲን ፊደል ድምፅን ተከትለው በሚሠሩ መጻፊያዎች «ት» እና «ጥ» የሚገኙት በአንድ ቁልፍ ላይ ነው፤ የሚለያቸው ትንሹን ወይም ትልቁን ፊደል መምረጥ ብቻ ነው። ጣት ጥቂት ከሳተ፣ «አባትህ መጣ» ሊባል የታሰበው «አባትህ መታ» ይሆናል። ልጁን ሆኖ የሚጫወተው አባቱን በደስታ መቀበል ሲገባው፣ «ማንን መታ?» ብሎ ይደነግጣል፤ ታሪኩም መንገዱን ይስታል። ይህን «ባለታሪኬ እንዲህ ነው የሚናገረው» ብሎ መከላከል አይቻልም። መምጣትን መምታት የሚል አገር የለምና።

እንግዲህ ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን? አንደኛ፣ አነጋገር ይጸናል፤ ስሕተት ግን ይዋዥቃል። እናትየዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ልጀ» ካለች ቋንቋዋ ነው። ሁለተኛ፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ እንመርምር። በባለታሪኩ አፍ የሚያምረው አነጋገር በተራኪው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሳይታሰብ ቢገባ ጸሐፊው እንደዘነጋ ያሳያል።

«ይህ ጨዋታ እንጂ ፈተና አይደለም፤ ፊደል መልቀም ደስታውን ያጠፋል» የሚሉ አሉ። አባባላቸው በከፊል እውነት ነው። «ሰላም» በ«ሠ» ቢጻፍ ታሪኩ ስለማይፈርስ ጨዋታውን ማቋረጥ አይገባም። ነገር ግን ቄስ ሆኖ የሚጫወት ልጅ የታመመችውን ሴት፣ «ድኅነትን ይስጥሽ» ሊል ፈልጎ፣ «ድህነትን ይስጥሽ» ብሎ ቢጽፍ ምርቃቱ እርግማን ሆነ ማለት ነው። ትርጉምን የሚለውጥ ስሕተት ወዲያው ይታረም፤ ሌላው ጨዋታው ካለቀ በኋላ በፍቅር ይነገር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በሰው አነጋገር መሳለቅ ነው። ለማሳቅ ብቻ ሲባል የገጠርን ሰው አፍ አጣምሞ መጻፍ ተውኔት አይባልም። እናቱ በቤት የምትናገርበት ቋንቋ «ስሕተት» ተብሎ የተሳቀበት ልጅ በማግስቱ አይጽፍም፤ ቢጽፍም የራሱን ድምፅ ደብቆ ነው። ያን ጊዜ የሚጎድለው የእርሱ ድርሻ ብቻ ሳይሆን የአማርኛ ሀብት ነው።

ስለዚህ እናንተ ተማሪዎች፣ የጻፋችሁትን ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብቡት። የሌላውን ጽሑፍ ከማረማችሁም በፊት፣ «ይህ በየት አገር ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የራስን ስሕተት ማረም ትጋት ነው፤ የሌላውን አነጋገር ማክበር ደግሞ ዕውቀት ነው።