የተሸጠ ቁጣ



ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ ሳልባጅ ተራ ስዘዋወር የጄምስ ዲን ሥዕል የታተመበት አሮጌ ካናቴራ አየሁ። ሻጩን «ይህ ሰው ማን ነው?» ብለው፣ «እኔ እንጃ ወንድሜ፤ ብቻ ፈላጊው ብዙ ነው» አለኝ። መልሱ እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ አብሮኝ መጣ።

ጄምስ ዲን ያለ ምክንያት የሚያምፀውን ወጣት የተጫወተበት ፊልም የታየው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ እርሱ ግን ፊልሙ ለሕዝብ ሳይቀርብ በ24 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ማርሎን ብራንዶ በ1953 የሞተር ብስክሌተኞች አለቃ ሆኖ ለሠራው ፊልም ደግሞ የእንግሊዝ ሳንሱር እስከ 1967 ፈቃድ ነሥቶት ነበር። ዛሬ የእነዚህን ፊልሞች ማስታወቂያ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይሻሙበታል። ወረቀቱ ተለጥፎ የሚቀደድ ወይም ለአከፋፋዩ የሚመለስ ስለ ነበር የተረፈው ጥቂት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል፤ ከቁጣው ውስጥ አደጋው ወጥቶ ውበቱ ብቻ ቀርቷል። ጥርሱ የረገፈ አንበሳ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ማንን ያስፈራል?

የእኛስ? ከዚያው ሠፈር በሲኒማ ራስ ወላጆቻችን የህንድ ፊልም እያዩ ሲያለቅሱ፣ የወጣቱ አመፅ በሸራ ላይ ሳይሆን በአደባባይ ይታይ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ ወጣ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በስድስት ኪሎ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርኢት ተቃውሞ እንግዶችን አዋከበ። የመጀመሪያው ለተበደለ የቆመ ነበር። ሁለተኛው ግን፣ የባዕድ ባህልን መቃወሙ ቢገባኝም፣ የእኅቶቹን ቀሚስ ሲለካ ክንዱን ከአባቶቹ የተዋሰ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የሚመሰክሩት ወረቀቶች እምብዛም አይገኙም። የእኛዎቹን የበላቸው ግን ዝናብ አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን አንድ ወረቀት ይዞ መገኘት ሕይወት ያስከፍል ስለ ነበር፣ ስንቷ እናት የልጇን ጽሑፍ በምድጃ ውስጥ አቃጠለች!

ስለዚህ መሰብሰብን አልነቅፍም፤ እንዲያውም ዘግይተናል። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የተረፈ የተማሪ ጽሑፍ ካለ፣ የበርበሬ መጠቅለያ ሳይሆን ወደ ቤተ መጻሕፍት ይምጣ። ስናነበው ግን ጀግንነቱን ከስሕተቱ አንለየው። ስሕተቱን ቆርጠን ጥለን ጀግንነቱን ብቻ ከሰቀልነው፣ ነገ የእነርሱም ፊት በካናቴራ ላይ ታትሞ፣ ማንነታቸውን የማያውቅ ነጋዴ «ፈላጊው ብዙ ነው» እያለ ይሸጣቸዋል።